የሁዳዴ ጫጩቶች

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1996

ለውድ አጎቴ ለጋሼ አገኘሁ፣

የጌታ ሰላም ፍቼ ድረስ መጥቶ ደጅዎን ያንኳኳልኝ። እኔም ባለቤቴ እዮብም ልጃችን ኤልሳቤትም በቸርነቱ ደህና ነን። የላኩልኝን ደብዳቤ አንድ የፍቼ ሾፌር ኢስትሊ አምጥቶ ለወይዘሮ አጸደ ሰጣት። አጸደ እዚያ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት፤ የአገር ሰው መልእክት ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ከእናቴ ቤት አንዲት መስመር ሳላገኝ ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ሳይ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጸደ ደንግጣ «ምነው፣ ሰው ሞተብሽ?» ብትለኝ «ኧረ ሰው ተነሣልኝ» አልኳት።

ኑሮሽ እንዴት ነው ላሉኝ፣ ከኢስትሊ ግርግር ወጥተናል። አሁን ሳውዝ ሲ በምትባል ሰፈር ኩለሱም የምትባል የሞያሌ ሴት ከግቢዋ ኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይታናለች። እዮብ ዌስትላንድስ ለሚገኝ መሥሪያ ቤት መኪና ይነዳል። እኔ ሥራ የለኝም፤ ግቢው ግን ሰፊ ነው፤ ቁጭ ብዬ አጥሩን ከማይ ብዬ ዶሮ ጀመርኩ።

የዶሮ ቤቱ ግን አዋረደኝ። ከሙዝ ሣጥንና ከካርቶን በገዛ እጄ ሠርቼ፣ ላስቲክ አልብሼ፣ በጣም ኮርቼ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ጣለና ቤቱ እንደ ራሰ ዳቦ መሬት ላይ ተዘረጋ። ሽለምጥማጥ ደግሞ ይህን ሲጠብቅ ኖሯል። ጠዋት ስነሣ ያገኘሁት ላባ ብቻ ነው። የተረፉት የኩለሱም መኪና ሥር ተጠግተው ነበር።

ጋሼ፣ እማዬ ጓሮ የነበረው የዶሮ ቤት አንድ ቀን ሲፈርስ አላየሁም። እንዴት ነበር የተሠራው? ልጅ ሆኜ ገብቼ እንቁላል ለቀምኩ እንጂ ምሰሶውን ልብ ብዬ አላየሁትም።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልጠይቅዎ። እማዬ ስሜን ታነሣለች? ጴንጤ ሆንኩ ብላ በሯን ከዘጋችብኝ፣ ሠርጌም ላይ ሳትገኝ ከቀረች ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። ኤልሳቤት ሰባት ዓመቷ ነው። አያቴ የት ናት ስትለኝ ሩቅ ናት እላታለሁ። ከእማዬ ሌላ ነገር አልፈልግም። አንድ ጊዜ «ጌጤ» ብላ ብትጠራኝ ይበቃኛል።

አክባሪ ልጅዎ
ጌጤ


ፍቼ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌጤ፣

እንደምን ከርመሻል። የጻድቁ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ጸሎት ድንበርና ፓስፖርት አያግደውምና ብትወጂም ባትወጂም ይጠብቅሽ። እኛ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። እኔም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እናትሽ ቤት ነው የምኖረው። ስለ ጤናዬ ብትጠይቂ ጉልበቴ ያመኛል፤ ምላሴ ግን ደህና ነው።

የጠየቅሽኝን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። እናትሽ ያን ጊዜ «ስሟን ከአፌ ባወጣ ጻድቁ ይፍረዱብኝ» ብላ ምላለች። ደብረ ሊባኖስ አፍንጫችን ሥር ሆኖ በጻድቁ የተማለ መሐላ እንደ ቀልድ እንደማይታለፍ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ስምሽን አታነሣም፤ እኔም አላስጨንቃትም።

ይሁን እንጂ ዓይኔ ስለደከመ ደብዳቤ የማነበው ጮክ ብዬ ነው። ጮክ ማለት ለዓይን ምን እንደሚረዳ አትጠይቂኝ። እናትሽ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ማን እንደጻፈው አልጠየቀችም፤ አልተነሣችምም። የሽለምጥማጡ ነገር ላይ ስደርስ እጇ ምስሩ ላይ ቀረ።

ስለ ዶሮ ቤቱ እንግዲህ፣ እኔ ዕድሜዬን ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ሳገላብጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለ ዶሮ የማውቀው ሳህን ላይ ከቀረበች በኋላ ያለውን ነው። ሆኖም ሰው ጠይቄልሻለሁ፤ ማን እንደሆነ አይጠየቅም።

እንዲህ ይላል የጠየቅሁት ሰው። የዶሮ ቤት መሬት ላይ አይቀመጥም፤ በእግሩ ይቁም፣ ከጉልበት በላይ። እግሮቹ ላይ ቆርቆሮ ይጠቅለልባቸው፤ ሽለምጥማጥ ሲወጣ ይንሸራተታል። ቆጡ የእጅ አንጓ የሚያህል እንጨት ይሁን እንጂ ቧንቧ ወይም ሽቦ አይሁን፤ ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ቆጡን ጨብጣ ነው የምታድረው፤ ብረት ያቀዘቅዛታል። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ይዙር። ሥሩ አመድ ይነስነስበት፣ ቅማል እንዳይገባ። «ካርቶን?» አለና የጠየቅሁት ሰው ሌላውን ለራሱ አጉረመረመ። የሰማሁትን አልጽፍልሽም።

ሰው ካገኘሽ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። መነጽር ቢመጣም ጮክ ማለቴን አልተውም።

አጎትሽ
አገኘሁ


ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

ለጋሼ አገኘሁ፣

ከሁላችሁም ጋር ጌታ ይሁን። መነጽሩን በዚያው በፍቼው ሾፌር ልኬያለሁ። ደብዳቤዎን ኢስትሊ አንብቤ፣ ማታቱ በሚሉት የታክሲ ሚኒባስ ውስጥ ደግሜ አንብቤ፣ ቤት ገብቼ ለእዮብ አነበብኩለት። የእጅ አንጓ የሚያህል ቆጥ የምትለው ሰው በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት ጋሼ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። እርስዎ አይጠየቅም ስላሉ ግን አልጠየቅኩም።

ቤቱን እንደታዘዝኩት አሠራሁት። እዚህ አናጢውን ፉንዲ ይሉታል። እግሩን ከፍ አድርግ፣ ቆርቆሮ ጠቅልልበት፣ በሩን ወደዚያ አዙር ስለው «ማዳም፣ ለዶሮ ነው ወይስ ለአማትሽ?» እያለ ሳቀብኝ። ግድግዳው ከአሮጌ ቆርቆሮ ነው። ከበሩ በኩል ቆርቆሮው አጠረንና ፉንዲው ከላይ በጣውላ ዘጋው፤ በሩ ጉልበቴ ድረስ ብቻ ቀረ። እኔ አልገባበትም። ኤልሳቤት ናት በደረቷ ተስባ እየገባች የምትለቅመው። ዶሮ በጮኸች ቁጥር «ማሚ፣ ኩኩ አሜታጋ» እያለች ከትምህርት ቤት ልብሷ ጋር ትገባለች። ጣለች ማለቷ ነው። አማርኛ ስናገራት በስዋሂሊ ትመልስልኛለች፤ የዶሮዎቹን ስም ግን በአማርኛ አውጥታለች። አንዷ ገብስማ ናት፣ አንዷ ወሰራ፣ አውራው ደግሞ አጎቴ ይባላል። ይቅርታ ጋሼ፣ ጮክ ብሎ ስለሚናገር ነው።

ስለ አውራው ኩለሱም ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን «ከመስጊዱ ቀድሞ ለሶላት ይቀሰቅሰኛል፣ እንዳትሸጪው» አለችኝ። እሷ ሶላቷን፣ እኔ ጸሎቴን በአንድ ዶሮ ጩኸት እንነሣለን።

ለገና አጸደ ዶሮ አዘዘችኝ። ደስ ይበላት ብዬ የኩለሱም ወንድም አርዶልኝ፣ ገንጥዬ፣ አጥቤ በሳፋ ይዤላት ሄድኩ። «ማን አረደው?» አለች። ነገርኳት። ሳፋውን በጨርቅ ሸፍና መለሰችልኝ። «ከሰውየው ጠብ የለኝም፣ ግን ለገና በክርስቲያን እጅ ያልተባረከ ሥጋ አላቀርብም። በሕይወቷ አምጪልኝ» አለችኝ። በማግስቱ ዶሮዎቹን በካርቶን ይዤ ማታቱ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ለእነሱም ሒሳብ ካልከፈልሽ ብሎ ሞገተኝ፤ አንዷ ራሷን አውጥታ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ጆሮ ሥር ጮኸች። የታረዱትን እኛው በላናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ ረስቼዋለሁ ጋሼ።

ለጠየቁልኝ ሰው እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ።

ጌጤ


ፍቼ፣ የካቲት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌጤ፣

ምሕረቱ ያልተለየን እኛ እዚህ አለን፤ አንቺንም ከነልጅሽ እንደዚሁ ያኑርልኝ። መነጽሩ ደረሰኝ። ፊደሉ ሁሉ እንደ በሬ ግንባር ገዝፎ ታየኝ። ድምፄን ግን አልቀነስሁም።

አውራ ዶሮውን በስሜ ስለጠራችው ልጅሽ ምን ልበል። እዚህ ቤት ስስቅ ሌላም ሰው ሲስቅ ሰምቻለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው፤ ትከሻዋ ግን ይታይ ነበር።

የጠየቅሁት ሰው ስለ በሩ ተቆጥቷል። «የልጅ በር ምን ያደርግላታል? ልጅ ያድጋል። ታመመች እንበል፣ ማን ገብቶ ይለቅማል?» ይላል። እኔ እንደሰማሁት ጻፍሁ። እስኪ የዶሮ ቤቱን ፎቶግራፍ አንሥተሽ ላኪ ተብሏል። ልጅቷም አጠገቡ ብትቆም አይከፋም ተብሏል። ይህን ስትል ከመስቀያው ያወረደችውን ነጠላዋን ታጥፍ ነበር፤ የታጠፈውን ፈትታ ደግማ አጠፈችው።

ቅበላ ስለደረሰ ሰፈሩ ሁሉ በግ እየጎተተ ነው። አንቺም ዶሮሽን የምትሸጪ ከሆነ እነዚህን ሁለት ሳምንታት አታሳልፊ።

አጎትሽ
አገኘሁ


ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ማርች 9 ቀን 1997

ለጋሼ አገኘሁ፣

በጌታ ፍቅር ሰላም እላለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ስለ ቅበላ የጻፉልኝን ቀድሜ ባነበው ኖሮ ከአንድ ትልቅ ውርደት እድን ነበር።

ቤቱ ከተሠራ ወዲህ ዶሮዎቹ በእንቁላል አጥለቀለቁኝ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ እንቁላል ሆነ። እዮብ ካልሲውን ሲፈልግ እንቁላል ያገኛል። እኔም በአራት ትሪ ደርድሬ፣ በጉልበቴ አቅፌ፣ መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ማታቱው ሲዘል ትንፋሼን እየያዝኩ ማክሰኞ ዕለት ኢስትሊ አጸደ ዘንድ ደረስኩ። አንድም አልተሰበረብኝም። በደስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

አጸደ እንቁላሉን አየች፣ እኔን አየች። «ጌጤ፣ ዛሬ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ማክሰኞ» አልኳት። «እሱማ ማክሰኞ ነው። ከትናንት ጀምሮስ ምን ገባ?» ዘወር ስል ቤቱ ሙሉ ሰው ሽሮና ምስር ወጥ ነው የሚበላው። ያን ጊዜ ገባኝ። አንዱ ሰውዬ ጉርሻውን ይዞ «ዶሮዎቹም ጴንጤ ሆነዋል እንዴ?» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጸደ ራሷ ሳቀች፤ በኋላ ግን ፊቴን አይታ ሻይ ቀዳችልኝ። «ፋሲካ ድረስ እንቁላል የሚገዛሽ አበሻ የለም። የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ፣ እንዴት ሁዳዴ ይጠፋሻል?» አለችኝ። እንቁላሉን ይዤ በዚያው ጉድጓድ ተመለስኩ።

እኔ አልጾምም፣ እሱን ያውቃሉ፤ እምነቴንም አልደብቅም። ግን እማዬ ቤት ያደግኩ ልጅ ሁዳዴ መግባቱ ጠፋኝ ማለት አመመኝ። በልጅነቴ ሰኞውን ከእንቅልፌ ስነሣ በእናቴ ፊት ብቻ ነበር የማውቀው። ያን ፊት ማንበብ ከተውኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ።

ፎቶግራፉን ልኬያለሁ። ኤልሳቤት በሩ ላይ ናት፤ ግማሽ አካሏ ቤት ውስጥ ስለሆነ እግሯ ብቻ ነው በደንብ የሚታየው። ሌላ ፊልም አልነበረንም።

ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው አያንብቡት። እማዬ ከሰማች «እንኳን ማልኩ» ነው የምትለው።

ጌጤ


ፍቼ፣ መጋቢት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌጤ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ፤ ዛሬውኑ የምጽፈው ስላስቸኮለኝ ነው። አይ አንቺ። ሰው «ጮክ ብለህ አታንብብ» የሚለውን ከላይ ይጽፋል እንጂ ከታች ይጽፋል? እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ሁሉ ነገር ተነቦ አልቋል።

እናትሽ ተነሥታ ወጣች። እኔም ደብዳቤውን አጥፌ፣ ሽማግሌ ሲቸኩል እንዲህ ነው፣ አፈረስሁት ብዬ ተቀመጥሁ። ጓሮ ብዙ ቆየች። ስትመለስ እጇ ጥሬ ይዟል። በሩ ላይ ቆማ ምን ብትል ጥሩ ነው፤ «እንቁላሉን ምን አደረገችው?» አለች። «ማን?» አልኋት፣ ልፈትናት ብዬ። «ያቺ ዶሮ አርቢዋ» አለች። ከመሐላዋ ወዲህ ለአንቺ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው መጠሪያ ይኸው ነው። ከዚህ ወዲያ «የጠየቅሁት ሰው» እያልሁ አልደክምም። ያለችውን ልጻፍ፤ ከፊቴ ቆማ ነው፤ ቶሎ በል ትለኛለች።

መኪና ላይ ወጥቶ የተመለሰው እንቁላል አይታቀፍም፤ ውስጡ ተናውጧል። እሱን ብሉት፤ እናንተ እንደሆናችሁ አትጾሙ። ከዛሬ ጀምሮ የሚጣለውን ግን አትንኪ። ሳምንት ያልሞላውን ብቻ ለይ። መታቀፍ የፈለገችውን ዶሮ ከጎጆዋ አልነሣም ስትል ታውቂያታለሽ፤ ለእሷ ጨለም ያለ ጥግ ስጫት፣ ጭድ አንጥፊላት፣ ጎደሎ ቁጥር አድርገሽ አስታቅፊያት። ውኃና ጥሬ ከአጠገቧ አይራቅ። እየተመላለስሽ አትይባት፤ ልጅቷንም ከልክያት።

ደግሞ ይህን አስምርበት ብላኛለች፤ አገራችን ሴቶች በሁዳዴ የሚያስታቅፉት ሞኝ ሆነው አይደለም። ጾሙ እንቁላሉን ከሰው አፍ ይጠብቀዋል። በሁዳዴ የታቀፈ ለፋሲካ ሰሞን ይፈለፈላል፣ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይደርሳል። «የረሳችው ጾም ራሱ ይክሳታል በላት» አለች። ይህን ብላ ወጥታ ሄደች።

ፎቶግራፉን አሳየኝ ብላ ከወሰደችው ወዲህ ዓይኔም አላየውም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ነገር አለ፤ ሳንቲም እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አጎትሽ
አገኘሁ


ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ጁን 15 ቀን 1997

ለጋሼ አገኘሁ፣

ጌታ ይባረክ። ዛሬ የምሥራች ነው የምጽፈው። ጫጩቶቹ ለፋሲካ ሰሞን ተፈልፍለዋል፤ የዘገየሁት ሾፌሩ እስኪመጣ ነው። ገብስማና ወሰራ ሁለቱም ታቅፈው በአንድ ሰሞን አወጡ፤ ከጥቂቱ በቀር አልበላሸም። ኤልሳቤት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመጀመሪያው ጫጩት ከገብስማ ክንፍ ሥር ራሱን ብቅ አድርጎ አገኘችው። ጮኸች መሰላችሁ? አፏን በሁለት እጇ ይዛ በጣቷ እየረገጠች መጥታ፣ በጆሮዬ፣ በአማርኛ «እማዬ፣ መጡ» አለችኝ። ሁልጊዜ ማሚ ነበር የምትለኝ።

ለእነሱ ሌላ ቤት ሠራሁ፤ ይኼኛውን ያለ ፉንዲ፣ እኔና ኩለሱም ነን። አሮጌ የመስኮት ፍርግርግ ሰጠችኝ፤ በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው። ከአጠገባችን ካለው ከትንሹ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡት አውሮፕላኖች በላያችን ሲያልፉ እናቶቹ ጭልፊት መስሏቸው ይጮኻሉ፤ ጫጩቶቹም ሥራቸው ይገባሉ። አውሮፕላን እንደማይበላቸው የሚነግርልኝ አጣሁ።

ግቢውን ሞልተው ሲሯሯጡ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። እኔ በማልጾመው ጾም፣ በእሷ አቆጣጠር ነው የተወለዱት። እማዬ ከዚያ ሆና እዚህ ጓሮዬ ውስጥ ሕይወት አወጣች። በእጇ ሳትነካው፣ ስሜን ሳትጠራ። ደስ አለኝ፤ ግን አንጀቴንም በላኝ። ምክሯ መጣልኝ፤ እሷ ግን አልመጣችልኝም። «ያቺ ዶሮ አርቢዋ» መባሉ አይበቃኝም ጋሼ። ንፉግ አልሁን፣ ግን አይበቃኝም።

ይህን ጮክ ብለው ያንብቡት። ከላይ አልጻፍኩትም እንጂ ሆን ብዬ ነው።

ጌጤ


ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ኦገስት 24 ቀን 1997

ለጋሼ አገኘሁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የጁኑን ደብዳቤ ከላኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩ፤ አንዱም መልስ የለውም። የፍቼው ሾፌር ሁለቴ ተመላልሶ «ሰጥቻቸዋለሁ፣ የሰጡኝ ወረቀት ግን የለም» ይለኛል። እናቴ ታማለች? ወይስ አይበቃኝም ማለቴ አስቀየማት? የቆጧን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደረሰ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ከሆነ ያን ቃል ሰርዙልኝ። ምክሯ ይበቃኛል። እንደ በፊቱ ግድግዳውን እያየች ትናገር፤ እርስዎም ይጻፉልኝ።

ጫጩቶቹ አድገዋል። አውራዎቹ መጮህ ተለማምደዋል፤ ድምፃቸው ገና ነው፣ እንደ አሮጌ በር ይንቋረራሉ። አጸደ ለእንቁጣጣሽ ያሉትን ሁሉ አምጪ ብላኛለች። ከነሕይወታቸው፤ እሱን ተምሬያለሁ።

አንዲት መስመር ብቻ ጻፉልኝ።

ጌጤ


ፍቼ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌጤ፣

ዘመኑ አልቆ አዲሱ ሊገባ ቀናት ቀርተውታል፤ በደስታ የምትቀበይው ያድርግልሽ። ዝም ያልሁት በገዛ ፈቃዴ አይደለም፤ ታዝዤ ነው። አሁን ተፈትቼአለሁና ሁሉን ልንገርሽ።

የሰኔውን ደብዳቤ ሳነብ እናትሽ እስከ መጨረሻው ሰማች። «አይበቃኝም» ያልሽው ጋ ስደርስ «እንኳን እሷን እኔንም አልበቃኝ» አለች። ከዚያ እኔን፣ «ከእንግዲህ በእኔ ፈንታ ግማሽ ነገር አትጻፍ። ወይ ሙሉውን ትጽፋለህ፣ ወይ ምንም» ብላ ብዕሬን ነጠቀችኝ። እውነቴን ነው፣ ብዕሩን ሌማት ውስጥ ደበቀችው።

በማግስቱ ንስሐ አባቷ መምሬ ሀብተወልድ ዘንድ ሄደች። እኔም ተከትዬ ሄድሁ። «መሐላዬን ይፍቱኝ» አለቻቸው። «ምን ገጠመሽ?» አሏት። «ዶሮ ፈለፈለች» አለች። መምሬ እኔን አዩኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። «ጫጩት የምታሳድግ ልጅ አለችኝ፣ ሩቅ አገር። ልመክራት ስጀምር ስሟን ካልጠራሁ በምን እጀምራለሁ? ዶሮ እንኳ ልጇን ስትመግብ ትጠራለች» አለቻቸው። መምሬም ቀላል ሰው አይደሉም። በጻድቁ የተማለን እንደ ጫማ ክር አልፈታውም፣ ፍልሰታን ደብረ ሊባኖስ ሱባኤ ገብተሽ እዚያው ጻድቁን ለምነሽ ተመለሽ አሏት። ጉልበቷ እንደ እኔው ቢያማትም ሄደች። ሱባኤው ሲያልቅ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ፊቷ ግን በርቶ መጣች። መምሬ በመስቀላቸው ፈቷት።

ቤት እንደገባች ያደረገችውን ልንገርሽ። ለዶሮዎቿ ጥሬ ይዛ ጓሮ ገባች። የምትጠራቸው መስሎኝ ነበር። ቀርቤ ስሰማ እየበተነች ስምሽን ነው የምትለው፣ ቀስ እያለች፤ አንዴ ትለውና ደግማ ትለዋለች። እኔ ሰው ዘንድ አልቅሼ አላውቅም፤ ዶሮ ዘንድ ግን አለቀስሁ።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው። ቃል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

*

ጌጤ፣

ጌጤ። ሁለቴ ያስጻፍሁት አገኘሁ ተሳስቶ አይደለም።

ልጄ፣ እንደምን ነሽ። ባልሽ እንደምን ነው። እዮብ ነው ስሙ፤ ሠርግሽ ላይ ባለመገኘቴ መልኩን አላውቅም። በሃይማኖትሽ ነገር ያልሁትን አልተውሁም፤ አንቺም ያልሽውን እንዳልተውሽ አውቃለሁ። እሱን ፊት ለፊት ተቀምጠን እንከራከርበታለን፤ በወረቀት አይሆንም፣ አገኘሁ እየሳቀ ይጽፈዋል። ስምሽን በመጥራት ግን ከእንግዲህ አልሰስትም።

የልጅሽን እግር አይቻለሁ። የአንቺ እግር ነው። ፊቷን ደግሞ ላይ እፈልጋለሁ።

አሁን ስሚኝ። አውራዎቹን ሁሉ ሽጪ፣ ለዘር አንድ ብቻ አስቀሪ፤ ያ በአገኘሁ ስም የተጠራውም ካረጀ ይበቃዋል፣ ኩለሱም ትቆጣ እንደሆነ ከአዲሶቹ ጮክ ብሎ የሚጮኸውን ትምረጥ። ቄቦቹን አትሽጪ፤ ለሚመጣው ሁዳዴ የምታስታቅፊያቸው እነሱ ናቸው። ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ አትጨነቂ፤ የምነግርሽ እኔ ነኝ።

ክረምቱ ወጥቶ የሞያሌ መንገድ ሲደርቅ ያ የፍቼ ሾፌር ይዞኝ ሊመጣ ተስማምቷል። የአገር ዶሮ አልይዝም፣ ድንበር ላይ ይከለክላሉ ብሎኛል። ባዶ እጄን ነው የምመጣው፤ ዶሮው እዚያው አለ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የዶሮ ቤቱን በር ፈትተሽ ከፍ አድርገሽ ሥሪው። ጎንበስ ማለት አልችልም፣ እንቁላል የምለቅመው ቆሜ ነው።

እናትሽ
እህተማርያም